የተገለበጠው ቁጥር፤ ስድስት ቀን በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን

ከተመለስኩ ወዲህ የቢሮ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለዚያ ረጅም ሕንጻ ነው። እውነቱን ልናገር፤ አጠገቡ አልደረስኩም። ከሜትሮው መስኮት ነው ያየሁት፤ እሱንም አንዲት ሴትዮ ሻንጣዋን ስታነሳ ጋርዳኝ ግማሹን ብቻ። ሕንጻ ፈልጎ ይህን ማስታወሻ የሚያነብ ካለ ካሁኑ ቢተወው ይሻላል። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ቁጥር፣ ስለ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬና አፌን መክፈት ሲገባኝ ስለዘጋሁበት አንድ ሐሙስ ነው።

እሑድ

ቀን ቀን በአንድ የኦዲት ቢሮ እሠራለሁ፤ ከሥራ በኋላ በአንድ ኮሌጅ የሂሳብ አያያዝ አስተምራለሁ። ማስተማሩን ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ቢሮዬ ዱባይ የላከኝ ለሦስት ቀን ሥልጠና ነበር። ኩባንያዎች ከባንክ በተለዋዋጭ ወለድ ይበደራሉ፤ ወለዱ ቢንር እንዳይጎዱ ደግሞ ከባንኩ ጋር ሌላ ውል ይገባሉ። ይህ ውል «ዛሬ ስንት ያወጣል?» ተብሎ በየጊዜው መተመንና መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። እኛ የሙያው ሰዎች ፌር ቫልዩ እንለዋለን። ደንበኞቻችን ወደዚህ ዓይነቱ ነገር እየገቡ ስለሆነ አንድ ሰው ተምሮ ይምጣ ተባለ፤ ዕጣው ለእኔ ደረሰ።

ከመሄዴ በፊት ወይዘሮ አበበች ጉለሌ ካለው ቤታቸው ድረስ በርበሬና ሽሮ ይዘውልኝ መጡ። ልጃቸው መሠረት ተማሪዬ ነበረች። አሁን ሻርጃ ውስጥ በአንድ የማቀዝቀዣ መጋዘን ኩባንያ የሂሳብ ሠራተኛ ናት። «አንተ ባታስተምራት ኖሮ የት ትደርስ ነበር» ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ሲያጎነብሱ በግድ ቀና አደረግኋቸው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

በረራው አራት ሰዓት ገደማ ነው። ዴራ ወደሚገኘው ሆቴሌ ለመሄድ ሜትሮ ገባሁ። አዲስ አበባ ባቡር ውስጥ ሰው በሰው ላይ እንደሚቆም የለመደ ሰው ባዶ ቦታ ሲያይ ይሮጣል፤ እኔም ሮጥኩ። ወለሉ ላይ ሮዝ መስመር ተሰምሯል። ጌጥ መሰለኝ። መስመሩን አልፌ ተደላድዬ እንደቆምኩ አንዲት ወጣት ከወዲያ ማዶ ጮኸች።

«ጋሼ! ጋሼ! የሴቶች ነው እሱ! ያላ ወደዚህ ይምጡ፣ ዋላሂ ቅጣት አለው!»

በኮቴ እጅጌ ጎትታ አወጣችኝ። ካመሰገንኳት በኋላ ሐበሻ መሆኔን በምን እንዳወቀች ጠየቅኳት።

«በሹራቡ ነዋ» አለችና ሳቀች።

እውነቷን ነው። ያ ሁሉ ሙቀት ባለበት አገር ከኮቴ ሥር ሹራብ ለብሼ ነበር። ባለቤቴ «አውሮፕላን ውስጥ ይበርዳል» ብላ ያለበሰችኝን እስከ ሆቴሌ ድረስ ለማውለቅ አላሰብኩም።

ሰኞ

አሠልጣኛችን ሰልማ የምትባል ግብፃዊት ናት። አነስ ያለች፣ ድምጿ ግን እስከ ኋላ ወንበር የሚደርስ። ምሳሌዋ ቀላል ነበር። «አንድ ቤት ለአምስት ዓመት በተቆረጠ ኪራይ ተዋዋልክ እንበል። በመሐል የሰፈሩ ኪራይ ወረደ። ውሉን ለሌላ ሰው ላስተላልፍ ብትል ገንዘብ ካልጨመርክለት ማን ይቀበልሃል? ያ የምትጨምረው ገንዘብ ነው የውሉ የዛሬ ዋጋ። ለአንተ ዕዳ፣ ለአከራይህ ሀብት።»

የወለዱም ውል እንደዚሁ ነው። ኩባንያው ለባንኩ የተቆረጠ ወለድ ሊከፍል፣ ባንኩ ደግሞ ገበያው ያመጣውን ወለድ ሊከፍለው ይዋዋላሉ። የገበያው ወለድ ሲወርድ ውሉ ለኩባንያው ሸክም ይሆናል። ከዚያ ሰልማ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጋ፣ «ባንክ የዋጋ ወረቀት ሲልክላችሁ ከቁጥሩ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ» አለች። «የተጻፈው ከማን ወንበር ሆኖ ነው? አንዳንዱ ባንክ ከራሱ ወገን ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ ከደንበኛው ወገን።»

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ይህንንማ እኔ ድሮ ነው የማስተምረው ብዬም በውስጤ ፈገግ አልኩ። ለምሳ ብርያኒ መጣ። ሩዙ ውስጥ ሙሉ ቅርንፉድ ነክሼ ከሰዓቱን በሙሉ አፌ ደንዝዞ ዋለ።

ማክሰኞ

ከሥልጠናው ስወጣ በርበሬና ሽሮዬን አንጠልጥዬ የአጅማን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የገዛሁት የመሳፈሪያ ካርድ ሒሳቡ አልቆ ማሽኑ ጮኸብኝ። ከኋላዬ የነበረ ፓኪስታናዊ ሠራተኛ የራሱን ካርድ አስነክቶልኝ፣ ሳንቲም ስሰጠው እጄን መልሶ አጠፈው። የዱባይና የሻርጃ መንገድ ምሽት ላይ እንደ መገናኛ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ማንም ጥሩምባ አይነፋም። በየመብራቱ ምሰሶ ላይ «ቤድ ስፔስ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አንድ አልጋ የሚያህል ቦታ ማለት ነው፤ ክፍል አይደለም።

መሠረት ከአውቶቡስ መውረጃው ላይ ከዘጠኝ ዓመት ልጇ ከብሌን ጋር ጠበቀችኝ። ብሌንን ከአያቷ ዘንድ ያመጣቻት በዚህ ዓመት ነው፤ መኖሪያ ፈቃዷም በእናቷ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። መሠረት አጅማን የምትኖረው ኪራዩ ረከስ ስለሚል ነው። ሁለት መኝታ ያለውን ቤት ከጽጌ ጋር ተካፍለውታል። ጽጌ ሰው ቤት ለዓመታት ሠርታ ወጥታ አሁን በሰዓት የምታጸዳ የደሴ ልጅ ናት። ዓሣ በድልህ ሠርታ ቆየችኝ።

«ማዳም ቤት ዘጠኝ ዓመት ለሰው እንግዳ አቅርቤያለሁ» አለች ሳህኑን እየሞላች። «ዛሬ የራሴ እንግዳ ነው። ያላ ይብሉ፣ ጋሼ! ቢተርፍ ሙሽኪላ ነው፣ እቆጣለሁ።»

አልተረፈም። እጃችንን ከታጠብን በኋላ መሠረት ብሌንን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጣ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀትና አንድ አሮጌ ሰማያዊ ደብተር አወጣች።

«ጋሽ ደረጀ፣ አንድ ነገር እንዲያረጋግጡልኝ ነው» አለች። «መጋዘኖቹ የተሠሩት በባንክ ብድር ነው። ለወለዱ ደግሞ የልውውጥ ውል አለን። ባንኩ በየሩብ ዓመቱ የውሉን ዋጋ ይልክልኛል፣ እኔ እመዘግባለሁ። ትናንት አለቃዬ ሚስተር ኩሪያን ጠርቶኝ፣ ወለድ እየወረደ እንዴት ነው ከዚህ ውል የምናተርፈው አለኝ። እስከ ሐሙስ አስረጂኝ ብሏል። ኮንትራቴ በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል፤ የሚያድሰው እሱ ነው። ካልታደሰ ቪዛዬም የብሌንም አበቃ፤ ትምህርቷ በመሐል ይቋረጣል።»

«አንቺ ምን ብለሽ መዘገብሽ?»

«እንዳስተማሩን ገልብጬ ነዋ!»

ደብተሩን ከፈተችው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በተማሪነት እጅ ጽሑፏ፣ በቀይ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት እንዲህ ይላል፦ መምህር ደረጀ፦ የባንክ ወረቀት ሁልጊዜ ይገለበጣል።

ይህን የማስተምረው ለባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ነው። ባንኩ ያስቀመጥነውን ገንዘብ ክሬዲት ብሎ ይጽፈዋል፤ ለእሱ ዕዳው ነውና። እኛ መዝገብ ላይ ግን ዴቢት ነው፤ ሀብታችን ነውና። ተማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ስለዚህ በየዓመቱ ጠረጴዛ እየደበደብኩ «ሁልጊዜ ይገለበጣል!» እላለሁ፤ እነሱም በኅብረት ይመልሱልኛል። ይህቺን «ሁልጊዜ» የምትል ቃል የጨመርኳት እኔ ነኝ። በመጽሐፍ የለችም።

ወረቀቱን ተቀብዬ እስከ ታች አነበብኩት። ቁጥሩ ሦስት መቶ ሺህ ድርሃም ገደማ ነው፤ ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት አለው። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል፣ ምልክቱ ከደንበኛው ወገን ሆኖ የተጻፈ ነው ይላል። ባንኩ ራሱ አስቀድሞ ገልብጦታል። መሠረት ደግማ ስትገለብጠው ኪሳራው ትርፍ ሆነ። ሁለት ሩብ ዓመት በሙሉ።

«ስህተት አለበት» አልኳት፤ ግርጌውን በጣቴ አሳየኋት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ቀለሟ ሲለወጥ አየሁ። ስህተቱ ያንቺ አይደለም፣ የእኔ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። በዚያች ቅጽበት ጽጌ ሻይ ይዛ ገባች፤ ስኳር ስንት እንደምፈልግ ጠየቀችኝ፤ ሁለት አልኩ። ነገሩ እንደዚያው አለፈ።

ረቡዕ

ሥልጠናው ላይ ተቀምጬ አልነበርኩም ማለት ይቻላል። በዕረፍት ሰዓት ሰልማን ለብቻዋ አግኝቼ፣ የተማሪዬን ስምም ያስተማርኳት እኔ መሆኔንም ሳልናገር ነገሩን አጫወትኳት። አልሳቀችም።

«ይህን የሚሳሳተው ጥሩ ሠራተኛ ነው» አለችኝ። «ሰነፍ የሆነውማ ያየውን እንዳለ ይጽፍ ነበር፣ እና በዕድል ልክ ይሆንለት ነበር። እሷ ሕግ አክብራ ነው የተሳሳተችው። ኦዲተሮቹ ሳይደርሱባት ራሷ ሄዳ ትናገር።»

ከሰዓት በኋላ ለመሠረት ደውዬ ይህንኑ ነገርኳት።

«አብረውኝ ይሄዳሉ?» አለችኝ።

እሄዳለሁ አልኳት። ያን ቀን ዴራ ገበያ ወጥቼ ለባለቤቴ የሩዝ ማብሰያ ገዛሁ። ነጋዴው «ለአንተ ብቻ» እያለ ዋጋውን ሦስት ጊዜ ቀነሰልኝ፤ መርካቶ የቆምኩ እስኪመስለኝ ድረስ። ሆቴሉ ውስጥ ጾም የሚሆን ምግብ ስፈልግ ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለ ሕንዳዊ፣ የኬራላ ሰው፣ የምስር ሾርባ ቀቅሎ፣ «ቅቤ የለበትም፣ እምላለሁ» ብሎ ራሱ አመጣልኝ።

ሐሙስ

ሻርጃ የኢንዱስትሪው ሰፈር ጋራዥና መጋዘን ብቻ ነው። ሚስተር ኩሪያን ስልሳ የሚሆነው፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ የሕንድ ሰው ነው። የመሠረት መምህር መሆኔን ሲሰማ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «አስተማሪ ወደ ቢሮዬ ሲመጣ ክብር ነው፤ አባቴም አስተማሪ ነበር» አለ። ወደ ቢሮው ከመግባታችን በፊት መጋዘኑን ካላየህ ብሎ ወሰደኝ። በሩ ሲከፈት ብርዱ ፊቴን መታው። የሚለበስ ወፍራም ጃኬት ሰጡኝ፤ እኔ ግን ሹራቤን ለብሼ ነበር። በስድስት ቀን ውስጥ ያ ሹራብ ለአንዴ ሥራ አገኘ። እስከ ጣሪያው የተደረደረ የብርቱካን ሳጥን፣ በረዶ የለበሰ ሥጋ፣ አፍንጫቸው የቀላ ሠራተኞች። ይህ ሁሉ የቆመው በዚያ ብድር ነው።

ቢሮ ገብተን ወተት የበዛበት ሻይ በወረቀት ኩባያ ቀረበልን። መሠረት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ፣ በእንግሊዝኛ ተናገረች። «ቁጥሩን ገልብጬዋለሁ። ትርፍ ያልኩት ኪሳራ ነው። ሁለቱንም ሩብ ዓመት አስተካክዬ አምጥቻለሁ።»

ኩሪያን መነጽሩን አድርጎ ሁለቱን ወረቀት አስተያየ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«እኔ አምንሻለሁ» አላት። «ባለቤቶቹ ግን ሰኞ ይሰበሰባሉ። ሁለት ጊዜ፣ ያውም ሁለቱንም ጊዜ ትርፍ ወደሚያሳየው ወገን? ሆን ተብሎ ነው ይላሉ። ምክንያት ያለው ስህተት ከሆነ ልከራከርልሽ እችላለሁ። ምክንያት የሌለውን ግን አልችልም። ለምን ገለበጥሽው? እንዲህ አድርጊ ያለሽ ሰው አለ?»

መሠረት አንድ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን መለሰች።

«ማንም የለም» አለች። «ተደናግሬ ነው።»

ያ ጊዜ የእኔ ነበር። ሰውዬው ሁለት እጁን ዘርግቶ አክብሮኛል፤ አባቴም አስተማሪ ነበር ብሎኛል። ሃያ ዓመት ጠረጴዛ እየደበደብኩ ያስተማርኩት ነገር ግማሹ ልክ ግማሹ ስህተት ነው ማለት ከበደኝ። የሻይ ኩባያዬን አየሁ። ሻዩ ላይ ስስ የወተት ሽፋን ሠርቶ ነበር፤ እሱን በጣቴ ሳነሳ ወሬው አለፈ።

በታክሲው ውስጥ ለምን እንዲያ እንዳለች ጠየቅኳት።

«ታዲያ እርስዎን ባዕድ ፊት ላዋርድ ነበር?» አለችኝ። ቅር የተሰኘች አትመስልም ነበር። እኔ በመስኮቱ በኩል የማልፈልገውን መንገድ ሳይ ሄድኩ። አፈርኩ።

ዓርብ

ጽጌ የመሠረትን አደራ ይዛ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘችኝ። ለወይዘሮ አበበች ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ጫማና የደም ግፊት መለኪያ ነው። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ሻንጣዬ አራት ኪሎ በለጠ። ሠራተኛዋ ወይ ክፈል ወይ አውጣ አለችኝ። ሻንጣውን እዚያው መሬት ላይ ከፍቼ የሩዝ ማብሰያውን አወጣሁና ለጽጌ ሰጠኋት።

«ሚስትዎ ምን ይላሉ? የእናትየውን ብርድ ልብስ ይተዉት፣ በሌላ ሰው ይላካል» አለች።

«ብርድ ልብሱ ይሄዳል» አልኳት። ምን እንደነካኝ አላወቀችም።

ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ

ጉለሌ ሄጄ አደራውን አስረከብኩ። ወይዘሮ አበበች ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እየዳበሱ፣ «እንዴት ናት? ሥራዋን ወደዱላት?» አሉኝ። ከዚያም መልሴን ሳይጠብቁ ምርቃታቸውን አወረዱት። «አንተን ያቆይልኝ። ያንተ ትምህርት ነው ያቆማት።»

ሌላ ጊዜ ምርቃት ደስ ይለኛል። ያን ቀን አንገቴን ሰብሬ ተቀበልኩና ሻዩን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ቤቴ ደርሼ ሹራቤን ሳላወልቅ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ለሚስተር ኩሪያን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ሐሙስ ዕለት «እንዲህ አድርጊ ያለሽ ሰው አለ?» ብለው ሲጠይቁ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። እኔ ነኝ። የባንክ ወረቀት ሁልጊዜ ይገለበጣል ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከስሜ ጋር ተጽፏል። ትርፍ ለማሳየት አልገለበጠችም፤ ወለድ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ በዚሁ ሕግ ትርፉን ኪሳራ ታደርገው ነበር። ዝም በማለቴ ከእሷ ጋር እርስዎንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፈርሜ ላክሁት። እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልናገርም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ክፍል ከመግባቴ በፊት፣ ስልኬ ጮኸ። መሠረት ናት።

«ጋሼ፣ ለምን ጻፉ?» አለች። እያለቀሰች ነው ወይስ እየሳቀች መለየት አቃተኝ። «ሚስተር ኩሪያን ደብዳቤዎን ለባለቤቶቹ አነበበላቸው። ደብተርሽን አምጪ ብለው ገጹን አዩት። ሁለት ዓመት አደሱልኝ። ብሌን ትምህርቷን ትቀጥላለች።»

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ተማሪዎቼ እየተላለፉ ወደ ክፍል ይገባሉ።

«ደብተሩን ልጣለው ይሆን?» አለችኝ።

«አትጣዪው» አልኳት። «ሁልጊዜ የምትለዋን ሰርዢና ከሥሯ አንድ መስመር ጨምሪ። ወረቀቱ ከማን ወገን ሆኖ እንደተጻፈ መጀመሪያ እስከ ግርጌው ይነበባል።»

ከስልኩ ወዲያ ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ።

«ቀስ ብለው ይበሉ፣ ጋሼ» አለችኝ። «እየጻፍኩ ነው።»